የዶቅዶቄዋ ልጓም

«አንለይን ዶቅዶቄ የሸለመው ጣልያን ነው።»

ወሬው ይኸው ነው። የትሁን ጠላ ቤት ገብቶ ይህን ሳይሰማ የወጣ ሰው የለም። ትሁን ወረታ ላይ፣ ከጎንደር የሚመጣው መኪና መንገድ ዳር ጠላ ትሸጣለች፤ ጠላዋ ይቀጥናል፣ ወሬዋ ይወፍራል። አንዳንዴ ሽልማቱ ለጣልያን መንገድ ስለመራ ነው ትላለች፤ አንዳንዴ አርበኞች ያሉበትን ስለጠቆመ ነው ትላለች፤ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ገበያተኛ በርከት ሲልላት፣ ለጣልያኑ ዶሮ ጠብሶ ስላበላው ነው ብላ አረፈችው። ምክንያቱ እንደ ሰሚው ይለዋወጣል እንጂ ሽልማቱ ንቅንቅ አይልም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

አቶ አንለይ የሚሉት ሌላ ነው። በጣልያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ይህን አይክዱም፤ ተገዶ ያልተሸከመ ማን አለ? በኋላ ግን ጠፍተው ዱር ገቡ። ጣልያን ሊወጣ ሰሞን፣ በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከይፋግ ወዲህ ርብ ወንዝ ዳር ካደፈጡት አንዱ ነበሩ። ተኩሱ ሲከፈት አንድ ጣልያን ዶቅዶቄውን ሞተሩ እንደተነሣ ጥሎ ሸምበቆ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ ጠመንጃ ፍለጋ ሲሮጡ አቶ አንለይ ዶቅዶቄዋ ላይ ጉብ አሉ። ድንጋይ ሲሸከሙ፣ ጣልያኖቹ ሲነዱ ስንት ቀን አይተዋል። ሜዳውን አቋርጠው ቤታቸው ደጃፍ ገቡ። ታሪኩን ሲጨርሱ ሁልጊዜ ግራ እጃቸውን ወደ ሆዳቸው እየሳቡ፣ «በግራ እጄ ልጓሟን ሳብ ባደርጋት፣ ቀጥ» ይላሉ።

እዚህ ላይ ሰሚው ይስቃል። ልጓም የበቅሎ ነው። በቅሎ የሚጋልብ ሰው ደግሞ ልጓሙን በግራ፣ ጦሩን በቀኝ እንደሚይዝ ፎገራ ላይ የማያውቅ የለም። ስለዚህ «አንለይ በበቅሎ ሄዶ በዶቅዶቄ መጣ» እያሉ ይተርቧቸዋል። አብረዋቸው ያደፈጡት በየአገራቸው ተበትነዋል፤ ከጎረቤት ዶቅዶቄዋን በዓይኑ ያየም የለም። መንግሥት ሲመለስ የጠላት ዕቃ ሊሰበሰብ ነው የሚል ነገር ሰምተው አቶ አንለይ ጭድ ቤት ከተቷት፤ ከዚያ ወዲህ ጭድ በጭድ ላይ ሲከመርባት ኖረ።

ተረቡስ ባልከፋ። ሰው ድንበር ሲጋፋ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ የፈሰሰ ደም የሚደርቅበት ሲጠፋ ሽማግሌ ይጠራል፤ አቶ አንለይ ግን አይጠሩም። ባንዳ ይሆናል የተባለ ሰው ምን እርቅ ያወርዳል? እሳቸው ግን ጠብ በሰሙ ቁጥር ጋቢያቸውን ያሳጥቡና ነጭ ለብሰው አጥር ሥር ይቀመጣሉ። ጠሪው ወደ ጎረቤት ያልፋል። ፀሐይ ትዞራለች። ጋቢው ተጣጥፎ ይገባል። ልጃቸው ማንጠግቦሽ ይህን እያየች አደገች።

ማንጠግቦሽ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ደራ ተድራ፣ በአሥራ ሰባቷ አንዲት ጊደርና ምላሷን ይዛ የተመለሰች ናት። ፊደል የቆጠረችው ውሃ ስትቀዳ፣ እንስራዋን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አስቀምጣ፣ ተማሪዎቹ የሚጮኹትን እየሰማች ነው። የቀረውን ከገበያ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ለቀመችው። ማን አስተማረሽ ሲሏት «ማንም። ሰርቄ ነው» ትላለች። በአፍ ሊገጥማት የሚደፍር አልነበረም። ትሁን እንኳ እሷ በደጅ ስታልፍ ወሬዋን በአፏ ይዛ ትቆያለች።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ የጭድ ቤቱ አንድ ጎን በዝናብ ተደረመሰ። ማንጠግቦሽ የራሰውን ጭድ በመንሽ ስታወጣ ብረት ቋ አለባት። ጭዱን በእጇ ገለጠችው። ዶቅዶቄዋ ጎኗ ላይ ተኝታለች፤ ዝገት በልቷታል፣ አይጥ ወልዶባታል። መቀመጫዋ የለም። ጎማዎቿ የሉም። ከመሪዋ የሚወርዱት ሽቦዎችም የሉም። ሌባ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። እናቷ ወይዘሮ እማዋይሽ ከጎማዎቹ ድሮ ለቤተሰቡ በረባሶ አስቆርጠዋል፣ በሽቦዎቹም የንብ ቀፎ ጠፍረውባቸዋል። «ጭድ ውስጥ ለተኛ ብረት ጎማ ምን ያደርግለታል? እኛ እግር አለን» አሉ። ምንም አላፈሩም።

አቶ አንለይ ተጠርተው መጡ። ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። ከዚያ እጃቸውን የነዳጅ ሆዷ ላይ ጫን አድርገው፣ «አለች እንዴ?» አሉ፤ ለካ እሳቸውም መጠራጠር ጀምረው ነበር።

«አለች። ትነሣለችም» አለች ማንጠግቦሽ። «አባየ፣ እርስዎ ይነዷትና ቅዳሜ ገበያ መሐል ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ትሁን ስለ ጠላዋ ታውራ።»

አቶ አንለይን የዚያን ዕለት እራት ሲበሉ ሁለት ጊዜ ለብቻቸው ፈገግ ሲሉ አየቻቸው።

ማንጠግቦሽ የሄደችው ደረሰ ዘንድ ነው። ደረሰ ቀጥቃጭ ነው፤ ቤቱ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ነው። ማረሻውን ሁሉም ይፈልጋል፤ ዓይኑን ሁሉም ይሸሻል። ቡዳ ነው ይሉታል። ሰው ቤት ሲሄድ እሱ የሚጠጣበት ቅል ለብቻው ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። በልጅነቱ ጎንደር አንድ የጣልያን ጋራዥ ውስጥ ወናፍ ሲነፋ፣ ሲፈቱ ሲገጥሙ አይቷል። መጥቶ ዶቅዶቄዋን ዞራት፣ በጣቱ አንኳኳት፤ ጥሩ ብረት ናት፣ ስምንት ማረሻ ይወጣታል አለ። ማንጠግቦሽ ማረሻ አልጠየቅሁህም፣ እንድትነሣ ነው የምፈልግ አለችው።

«አንድ ነገር ግን» አለ ደረሰ። «ግቢያችሁ ስመላለስ ላም ብትነጥፍ፣ ጥጃ ቢያመው፣ በእኔ እንዳታሳብቡ።»

«በትሁን ምላስ አሳብባለሁ፣ አያ ደረሰ። እሱ ይበልጣል።»

ደረሰ እስኪያስለው ሳቀ። ማንጠግቦሽ ጠላ ቀዳችለት፤ ቅሉን ትታ በራሷ ዋንጫ። እናቷ አዩ። ሰውየው ሲሄድ፣ «ዋንጫሽን ራስሽ እጠቢው» ብቻ አሉ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ደረሰ ይፈታል፤ ማንጠግቦሽ የተፈታውን ብረት በአንድ ገል ላይ ታስቀምጥና በከሰል ፊደል ትጽፍበታለች። መጀመሪያ የወጣው ሀ፣ ቀጥሎ ለ፣ ከዚያ ሐ፣ መ። ሲገጠም ከኋላ ወደ ፊት ይቆጠራል፤ የሚተርፍም የሚጎድልም አይኖርም። ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ የሚጣል ገል ሞልቷል፤ በእንቅብ ለቅማ አመጣችው። ግቢው በገል ተሞልቶ ዶሮዎቹ መርገጫ አጡ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ብረት ተጣብቆ ስላስቸገረ ዘጠኝ ቀን የኑግ ዘይት ሲጠጣ ሰነበተ፤ በዘጠነኛው ቀን ተላቀቀ። ፊደል የማያውቀው ደረሰ መስከረም ሳያልቅ «እስቲ ጠን አቀብይኝ፤ ቀ ትቆየኝ» ማለት ጀምሮ ነበር።

የጎደለውን ያመጣው ደሞዝ ነው፤ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር። ሁለት አሮጌ ጎማ፣ እሳት ጭሮ ሞተሩን የሚያስነሣ አንድ ካንዴላ፣ ሽቦ፣ በጠርሙስ ቤንዚን። ለዚህ ከደራ ይዛት የመጣችው ጊደር የወለደቻት ጊደር ተሸጠች። ጊደሯ ለመውለድ የቀረበች የፎገራ ዘር ነበረች፤ ማንጠግቦሽ ስትነዳት ፊቷን አላየችም፤ ብታይ ኖሮ እንደማትሸጣት ታውቃለች።

መጨረሻ ላይ ሽቦዎቹ ቀሩ። መሪው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት የሚሳቡ እጀታዎች አሉ። አንዱ ፍሬን ነው፣ ማቆሚያ፤ ሌላው ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቅ። የእግሩን ማቆሚያ ዝገት በልቶት ስለጨረሰው በእጅ ያለው ብቻ ቀርቷል። የትኛው እጀታ የየትኛው እንደሆነ የሚናገረው ሽቦው ነበር፤ ሽቦው ደግሞ ከሄደ ዘመኑ ነው፤ ፊደል አልተጻፈበትም። ደረሰ አላመነታም። ጎንደር ያያቸው ሁሉ ፍሬናቸው በቀኝ ነበር፤ በቀኝ አሰረው። አቶ አንለይ ያን ዕለት ይፋግ ለቅሶ ሄደዋል። ቢኖሩም ማንጠግቦሽ አትጠይቃቸውም ነበር። ታሪካቸውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ስለ ልጓም እንጂ ስለ ሽቦ የሚል የለበትም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ተነሣች። መጀመሪያ አስነጠሳት፣ ቀጥሎ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ግቢውን በዶቅዶቅታ ሞላችው። ወይዘሮ እማዋይሽ አማተቡ። አቶ አንለይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ማንጠግቦሽ በማግስቱ ትሁን ጠላ ቤት ገባች፤ ለመጠጣት አይደለም። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አባቷ ዶቅዶቄያቸውን ነድተው ገበያ እንደሚገቡ፣ የፈለገ መጥቶ እንዲያይ፣ ያልፈለገ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ሆኖም ጆሮውን እንደማያተርፍ ተናግራ ወጣች። ወሬው ከወረታ አልፎ አዲስ ዘመን ከተማ ደረሰ።

ቅዳሜው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሦስቱ ብቻ ሆነው ዶቅዶቄዋን ከቤቱ ጀርባ የክረምቱ ውሃ ወደሸሸለት ሜዳ ወሰዷት። አቶ አንለይ በቅሎ እንደሚወጡት በቀኝ በኩል ወጡ። ደረሰ ማርሽ አስገብቶ ገፋላቸው። ሄደች። ቀጥ ብላ ሄደች። አንድ አርባ እርምጃ እንደሄዱ አቶ አንለይ ዞረው ልጃቸውን አዩ፤ ማንጠግቦሽ አባቷን እንዲህ ያለ ፊት ይዘው አይታቸው አታውቅም። የእሾህ አጥሩ ሲቀርባቸው በግራ እጃቸው ሳቡ። ሞተሩ ለብቻው ጮኸ፤ ዶቅዶቄዋ ግን አልቆመችም። አጥብቀው ሳቡ፤ አሁንም በግራ። የሣር ክምሩ ባይቀድማቸው አጥሩ ይበላቸው ነበር።

ሮጠው ሲደርሱ አቶ አንለይ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን ያያሉ። ጉልበታቸው ተልጧል።

«አልቆመችም» አሉ።

«ጌታየ፣ የሚሳበው የቀኙ ነው» አለ ደረሰ፣ እያፈረ።

«በግራ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ደረሰን አዩ፤ ማንጠግቦሽን አዩ። «ረስቸ ይሆናል እንግዲህ። ሃያ አንድ ዓመት እኮ ነው።» ተነሥተው እያነከሱ ወደ ቤት ገቡ።

ማንጠግቦሽ ሣሩ ውስጥ ቆማ ቀረች። ነገሩ እንደ ጋዜጣ ተነበበላት። ልጓሙ በግራ የሆነው በቅሎ ላይ ስለሆነ ነው። አባቷ ዶቅዶቄ ነድተው አያውቁም። ተገፍቶ የሚሄድ ነገር ላይ መቀመጥ ለማንም አያቅትም፤ ማቆም ነው የነዳን ሰው የሚለየው። ብረቷ እንዴት ጭድ ቤት እንደገባች እግዜር ይወቅ፤ ተገፍታም፣ በበሬ ተጎትታም ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለገችም።

ደረሰም ያው የመሰለው ይመስላል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ፍሬኑን ወደ ግራ ላዙርላቸው እንዴ አላት።

«ሽቦውን ብታዞርላቸው መንዳቱን ታዞርላቸዋለህ?» አለች። «ሰው መሐል ነው የሚገቡ፣ አያ ደረሰ። ሕፃን አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች። ሁሉም ዓይኑን ተክሎ እጃቸውን ነው የሚያይ።»

ሂዳ ልትጠይቃቸው አሰበች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጥር ሥር ተቀምጠው ጋቢያቸው እስኪደርቅ ሲጠብቁ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለማንም የማይመለስ ምላሷ ያን ቀን እምቢ አላት። አባየ እውነት ነድተዋታል? ይህን የሚል ልጅ ከትሁን በምን ይሻላል? ስለ ጉልበታቸው ጠየቀቻቸው። ደህና ነው አሉ። ተነሥታ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሳያያት ካንዴላውን ፈትታ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ዶቅዶቄዋን እየገፉ ገበያው ዳር አደረሷት። ሰዉ መንገዱን ከግራና ቀኝ ይዞታል፤ ነጋዴው ሚዛኑን ትቶ መጥቷል፤ ትሁን የተደፋ ጋን ላይ ወጥታ ቆማለች። አቶ አንለይ በነጭ ጋቢያቸው፣ ጉልበታቸው እንዳይታወቅባቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንጠግቦሽ ማስነሻውን ረገጠች። ደገመች። ሠለሰች። ላቧ እስኪወርድ ረገጠች፤ ማስመሰል ቢሆንም ድካሙ የእውነት ነው። ደረሰ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ካንዴላው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ ባዶውን በሰውነቱ ከለለላት።

ማንጠግቦሽ ወደ ሰዉ ዞረች።

«አትነሣም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አባቴ ሲያስቀምጧት ደህና ነበረች። ያልተማርኩትን እችላለሁ ብየ የፈታኋት እኔ ነኝ፤ ያበላሸኋትም እኔ ነኝ። ንዱልኝ ብየ ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ። መሳቅ የፈለገ በእኔ ይሳቅ።»

ሳቁ። ወረታ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። አሥር ዓመት ምላሷን ሲፈራ የኖረ ሰው ሁሉ ያን ቀን ተበቀላት። ፊደል የቆጠረች ብረት ልትቀድስ አሏት፤ ገሏን ጋግራ ትብላ አሏት፤ ትሁን ከጋኗ ላይ እንድትወርድ ሁለት ሰው አስፈለጋት። ማንጠግቦሽ አንገቷን አልደፋችም፤ ግን አንድም ቃል አልመለሰች። ይህ ለሷ ከሁሉ የባሰው ነበር። የምትመልሰው ሞልቶ ነበርና።

አቶ አንለይ ጋቢያቸውን አውልቀው በትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

«ልጄ ደክማለች» አሉ ለሰዉ። «አሁን መንገድ ልቀቁልን።»

ግቢ በር ላይ ሲደርሱ አቶ አንለይ ቆም ብለው፣ «ሐሙስ ተነሥታ ነበር» አሉ።

«ሐሙስ ሌላ፣ ቅዳሜ ሌላ፣ አባየ።»

ብዙ አዩዋት። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምኑን እንደተረዱ ግን አልተናገሩም። የዶቅዶቄዋን ታሪክ ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ጊዜ አላወሩትም። ማንጠግቦሽ ይህን እንደ ምስክር ያዘችው፤ እውነት ቢሆን ዝም አይሉም ነበር አለች ለራሷ።

የገበያው ሰው ደግሞ ስቆ ሲጠግብ አዘነ። እንዲህ ያለች ልጅ ተሸክሞ በሰው ፊት ያልተቆጣ፣ ገመናዋን በጋቢው የሸፈነ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው አለ። ጥር ላይ ሁለት ወንድማማቾች በግጦሽ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ ጠሪው የአቶ አንለይ በር ላይ ቆመ። ጋቢው ያን ቀን ታጥቦ ስላልነበር ያደፈውን ለብሰው ሄዱ። ወንድማማቾቹን አስታረቋቸው። ከዚያ በኋላ ተደጋግሞ ተጠሩ። ትሁን ወሬዋን አልተወችም፤ ግን የምታወራው ስለ ማንጠግቦሽ ሆነ፣ እሱም ቢሆን እየቆየ ቀዘቀዘ።

አቶ አንለይ በሃምሳ ሰባት ኅዳር ላይ በወባ አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ዕርቃቸው ተነሣ፣ ደግነታቸው ተነሣ፤ ዶቅዶቄዋን ያነሣ አልነበረም። ተዝካራቸው ሲያልፍ ማንጠግቦሽ ደረሰን ጠርታ ውሰዳት አለችው። እሱም በቁራጭ በቁራጭ ወስዶ ማረሻና ማጭድ አደረጋት።

በሃምሳ ዘጠኝ ግንቦት፣ እርሻው ሊገባ ሲል፣ ማንጠግቦሽ ማረሻ ልታስል ደረሰ ዘንድ ሄደች። ከእሷ በፊት አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ደሳለው የሚባል የይፋግ ሰው። ጨዋታ አዋቂ ነው። የማን ልጅ ነሽ ብሎ ጠየቃት፤ የአንለይ ልጅ ነኝ አለችው።

«የትኛው አንለይ? ዶቅዶቄውን የነዳው?»

ደረሰ መዶሻውን አነሣና እዚያው ያዘው።

ደሳለው ቀጠለ። በልጅነቱ የዚያ ጣልያን አሽከር ነበር፤ ይህን ሲያወራ አይሸማቀቅም። ያን ቀን ርብ ዳር ሸምበቆው ውስጥ ከጌታው ጎን ተኝቷል። አንድ ረጅም ሰው ዘሎ ሲወጣባት አይቷል፤ ጌታው ጥርሱን እያፋጨ፣ ይኸ ሰው አሁን አንዱ ዛፍ ላይ ይሰነጠቃል ሲልም ሰምቷል። ሰውየው ግን አልተሰነጠቀም። ሜዳውን ሲበር፣ የከብት መንጋ ሲያጋጥመው ቀጥ አድርጎ አቁሞ ሲያሳልፍ፣ እንደገና ሲሄድ፣ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ አይቶታል።

«ለምን ይሰነጠቃል አለ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«አዬ፣ ያቺ ዶቅዶቄ እንደሌሎቹ አልነበረችም እኮ» አለ ደሳለው። «የጌታየ ቀኝ እጅ ሦስት ጣት አልነበረውም፤ ጨብጦ ማቆም አይችልም። ፍሬኑን ከቀኝ ወደ ግራ ያዞርኩለት እኔ ነኝ።»